አንድ ስለት፣ ሁለት መስመር

ጥቅምት 5

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? እትዬስ እንዴት ናት? የጀርባዋ ሕመም ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

መጀመሪያ ይቅርታዬን ላስቀድም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ቁጣህ እዚህ ተራራ ጫፍ ድረስ ይሰማኛል። «ስልክ የማይነሳበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብለሃል። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ የተተከሉት ትልልቅ የብረት ሳህኖች ከሰማይ የሚመጣ በጣም ደካማ ሞገድ ነው የሚለቅሙት። ሰው ኪሱ ውስጥ ሞባይል ካበራ ጆሯቸው ስር ጥሩምባ እንደመንፋት ነው። ስለዚህ በር ላይ ስልካችንን ይቀበሉናል። ደብዳቤና እንቁላል የሚያመጣው መኪና ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚወጣው። እንቅልፍ አጣች ብለህም አትጨነቅ፤ የእኛ ቴሌስኮፕ ቀንም ያያል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቼ አስራ አንድ ሰዓት እወጣለሁ፣ እንደ ሰው እተኛለሁ።

ከጥያቄዎችህ ሁሉ ያሳቀኝ የመጨረሻው ነው። «ፕላኔቱን ካላየሽው አለ የምትይው በምን አፍሽ ነው?» እስቲ አባባ ያደርግ እንደነበረው አስቀምጬ ላስረዳህ። ኮከብ ሲወለድ ብቻውን አይወለድም። ሰፊ የአቧራና የጋዝ ዝርግ ዙሪያውን ይዞረዋል፤ እኛ ዲስክ እንለዋለን። ዕድሜውን ሙሉ ቶርኖ ላይ ለቆመ ሰው፣ ብረት እያዞረ ሲቆርጥ ለኖረ ሰው፣ መዞር ምን እንደሆነ አላስተምርም። ያ አቧራ ሲጠራቀም ሲጠራቀም ነው ፕላኔት የሚሆነው። ፕላኔቱ ገና ጨቅላ ስለሆነ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ ተሸፍኖ አይታይም። ግን እየዞረ መንገዱን ይጠርጋል፣ ግራና ቀኙን ይገፋል። ዲስኩ ላይ ክብ የጨለማ መስመር ይቀራል። የእኔ ኮከብ ዲስክ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ሁለት አለ፤ አንዱ ከውጭ በኩል ሰፊና ጥልቅ፣ አንዱ ከውስጥ በኩል ቀጭን። ሁለት ፕላኔቶች ናቸው የቆረጧቸው እላለሁ።

አለቃችን ግን አይልም። እውነተኛ ስሙን ተወው፤ ሁላችንም በሌለበት «ዶክተር ይጣራ» ነው የምንለው። ምን ብትለው መልሱ «ይጣራ» ነው። ሻዩ ቀዝቅዟል ብትለውም ይጣራ። አቧራው ላይ ያለው በረዶ የሚተንበት ቦታ አለ፣ እዚያ የአቧራው ጠባይ ይለወጣል፣ ስለዚህ ፕላኔት ሳይኖርም መስመር ሊመጣ ይችላል ይለኛል። የሚያናድደኝ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው።

የካቲት 20 ኮሚቴ ይቀመጣል። ካሳመንኳቸው ለሚቀጥለው ዓመት የቴሌስኮፕ ሰዓት ይሰጡኛል። ካላሳመንኳቸው ኮከቡ ለሌላ ቡድን ይሄዳል፣ የእኔም ውል በዚያው ያልቃል፣ ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። አልለቅም ወንድም ጋሼ። ጥርሴን ነክሼ ነው የያዝኩት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። የአባባ የቅዳሜ ፈተና ትዝ ይልሃል? የተቆራረጡ ብረቶች በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣና ዓይናችንን አስጨፍኖ ጥፍራችንን መስመሩ ላይ ያስሮጠን ነበር። «ስለት የቆረጠው ነው ወይስ ብረቱ ሲቀልጥ የመጣ ጉድለት?» ይለናል። ስለት የቆረጠው ከሆነ ጠርዙ ላይ የሚቆም፣ ጥፍር የሚይዝ ነገር አለ። ጉድለት ከሆነ ለስላሳ ነው። እኔም ዲስኩ ላይ የምፈልገው ያንኑ ነው። ፕላኔት የቆረጠው ከሆነ የተገፋው አቧራ ጠርዙ ላይ መከመር አለበት። ዶክተር ይጣራ ግን «ፕላኔትሽ ትንሽ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትቆርጠው፣ ምንም አትከምርም» አለኝ። ብረትና አቧራ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ አትሳቅብኝ። ግን ለኮሚቴው በእጃቸው የሚይዙት ነገር ብሰጣቸው ደስ ይለኛል። እና ጥያቄዬ፦ በጣም በዝግታ፣ በጣም ስስ አድርገህ ብትቆርጥስ ጠርዙ ይቆማል?

እትዬን ግራና ቀኝ ሳምልኝ።

ለምንዬ


ጥቅምት 24

ለእህቴ ለለምንዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። የእትዬሽ ጀርባ ተሽሎታል፤ ለእኔ ግን ክፉ ዜና ነው። ተኝታ ሳለች ትንሽ አርፌ ነበር፣ አሁን ተነስታ ወርክሾፑን ስታተራምስ ትውላለች። ትናንት የብረት ፍቅፋቂ የምጥልበትን በርሜል ቦታ ለወጠችብኝ። ሠላሳ ዓመት በግራዬ የቆመ በርሜል! ቀኑን ሙሉ ፍቅፋቂ መሬት ላይ ስጥል ዋልኩ። «እሱም ይሰለቸዋል» ትለኛለች። ሰው ከባለቤቱ ጋር ይከራከራል? 

ባለፈው የነገርኩሽ ጥርሴ ተነቅሎ ተገላገልኩ። ስለ ቤቱ ኪራይም አታስቢ፣ የአከራዩ ልጅ ሰው ሆኗል።

ደብዳቤሽን ለእትዬሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላትና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው» አልኳት። ጨርቋን አስቀመጠችና «ወተቷን ባላይም ኮቴዋን አይቻለሁ ነው እኮ የምትልህ» አለችኝ። ከእኔ ቀድማ ገባት፣ ታምኛለሽ? አራት ዓመትሽ ላይ ለምንዬ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ ቀን ትዝ አለኝ። ውሃ ለምን ይረጥባል፣ ድመት ለምን ጢም አላት፣ አባባ ለምን አይስቅም። ለመጨረሻዋ ዛሬም መልስ የለኝም።

የቅዳሜውማ ፈተና እንዴት ይረሳል! በአሥር ዓመት እየበለጥኩሽ አንቺ ትቀድሚኝ ነበር። ጥፍሯ ስስ ስለሆነ ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። የአባባን ቃልም አልረሳሁም፦ «መጀመሪያ ማሽኑ ይቁም፣ ከዚያ ጥፍር።» ስንት ሠራተኛ በዚያች ቃል አሳድጌያለሁ።

ያንቺን ጥያቄ ግን አባባም ጠይቆን አያውቅም። በዝግታና በስሱ ማን ይቆርጣል? ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ! ዝም ብዬ ከአፌ አውጥቼ «ይቆማል» ብልሽ ኋላ ሰው ፊት ታፍሪብኛለሽ። ነገ ጠዋት አንድ ደንበኛ ያዘዘኝን የፓምፕ ዘንግ ከመጀመሬ በፊት ላንቺ አንድ የነሐስ ቀለበት ቆርጬ አያለሁ። ማሽኑን በመጨረሻው ዝግታ ነው የማዞረው። መልሱን በሚቀጥለው መኪና ጠብቂ።

ውሌ ያልቃል ላልሽው፣ እዚህ አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ግን እሱን ተማምነሽ እንዳትለቂ።

ወንድምሽ


ኅዳር 14

ወንድም ጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ? መኪናው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ከአንተ ምንም አላመጣም። «ነገ ጠዋት» ያልከው አልነጋም እንዴ? ወይስ በበርሜሉ ነገር ከእትዬ ጋር ፍርድ ቤት ቀረባችሁ?

እኔ ያለሁበትን ልንገርህ። ዲስኩን ከበፊቱ አጥርቼ የማይበትን ሰዓት በግድ አስፈቅጃለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ። የዶክተር ይጣራ በር ላይ አራት ቀን ተመላልሼ ነው ያገኘሁት። በአራተኛው ቀን «አንቺ ሰው አትደክሚም?» አለኝ። ይጣራ አልኩት። ሳቀ፣ ፈረመ።

የአንተን መልስ ግን እፈልጋለሁ። መልስ ባይኖርህም ጻፍልኝ፣ ዝምታህን አልለመድኩትም።

ለምንዬ


ኅዳር 28

ለእህቴ፣

ደህና ነኝ። ሁላችንም ደህና ነን። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶ ነው። ጽሑፌ ካልተነበበሽ እስክሪብቶው ነው።

መልሱ፦ ይቆማል። በዝግታም በስሱም ቢቆረጥ ይቆማል። ዓይን አያየውም፣ ጥፍር ግን ይይዘዋል። በሚገባ አረጋግጫለሁ። ሳትፈሪ ተናገሪ።

በርቺ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እሰይ! አንጀቴን አራስከው! ደብዳቤህ በደረሰኝ ሳምንት አዲሱ ምስል ተጠናቀቀ። ውጪኛው መስመር ጠርዙ ላይ አቧራው ተከምሯል፣ ልክ አንተ እንዳልከው፤ ስስ ነው፣ በዓይን ብቻ ብታየው ታልፈዋለህ፣ ሲለካ ግን አለ። ወረቀቱን ይዤ ስሮጥ ኮሪደሩ ላይ የጽዳቷን ሴትዮ ባልዲ ደፋሁባት። አብራኝ ሳቀች፣ ምን እንዳሳቀኝ እንኳ አልጠየቀችኝም።

ደስታዬ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። ውስጠኛውን መስመር ለካሁት። ለስላሳ ነው። ምንም የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለግኩ፣ ሁለተኛዋ ፕላኔት የለችም። ዶክተር ይጣራ ምን አለኝ መሰለህ? «ሁለት ብለሽ አንዷን አጣሽ። ውስጠኛው ያለ ፕላኔት ከመጣ ውጪኛውስ ለምን አይመጣም? ኮሚቴው የሚጠይቅሽ መጀመሪያ ይህን ነው።» ቆሽቴ አረረ። 

ላንተ አልዋሽህም፤ ትናንት ሻንጣዬን ከአልጋ ስር አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩለት። ሁለት ወር ቀርቶኛል፣ የሚያሳፍር ነገር ይዤ ሰው ፊት ከምቆም ቤቴ ብመጣ ይሻለኛል እያልኩ ነው።

ለመሆኑ ደብዳቤህ ምነው እንዲህ አጠረ? የእትዬም ሰላምታ አልነበረበትም። የፓምፑ ዘንግስ ምን ደረሰ? ማሽኑስ?

ለምንዬ


ታኅሣሥ 27

ለእህቴ ለለምንዬ፣

ሻንጣውን ወደ ቦታው መልሺው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፣ ስለዚህ ደጋግመሽ አታስጽፊኝ። መልሺው ብያለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ ገና ስትድሂ የሆነ ነው። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ቶርኖው ላይ ያቆመኝ ቀን አንድ መስመር ቁረጥ አለኝ። ቆረጥኩ። ብረቱን ፈትቶ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደና ተመልሶ በጥፊ አለኝ። «አንድ አልኩህ፣ ሁለት ጊዜ ቆረጥክ።» አየሁት፣ እውነትም ሁለት ነው። አንዱ ጥልቅ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ስስ መስመር። በእናቴ ሞት አንድ ጊዜ ነው የቆረጥኩት አልኩ። አላመነኝም። እኔም እልኸኛ ነበርኩ፤ ምሳ አልበላም ብዬ ማሽኑ ስር ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ራሱ ሌላ ብረት አስሮ ቆረጠ። ሁለት መስመር ወጣ!  ከዚያ የስለቱን መያዣ በእጁ ነቀነቀው። ቡሎኑ ላልቷል። ለካ ስለቱ አንዱን ሲቆርጥ ብረቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡ ሄዶ ሄዶ ሌላ ቦታ ላይ ያርፍና እዚያ ሌላ መስመር ያወጣል። ቡሎኑን አጠበቀው፣ ቆረጠ፣ አንድ መስመር ብቻ። አላላው፣ ሁለት። አባባ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው ይቅርታ የጠየቀኝ፣ ያን ቀን ነው። የሁለተኛው መስመር ጠርዝ ደግሞ ለስላሳ ነበር። ስለት ያልነካው ነው እኮ።

እኔ ሰማይ አላውቅም። ግን አንቺ ሁለት መስመር አይተሽ ሁለት ስለት ፈለግሽ። አባባም እንደዚያው ነበር ያደረገው፣ እኔንም በጥፊ መታኝ። አንዷ ፕላኔትሽ ስትቆርጥ ዲስኩን አታንቀጠቅጠውም? ይህን አጣሪ፣ ለሱ ለሰውዬሽም ንገሪው።

ሌላውን ለጠየቅሽው፣ ሁሉም ደህና ነው። ማሽኑም ይዞራል።

ወንድምሽ


ጥር 13

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሁለት ነገር ይዣለሁ። በሚያስደስተው ልጀምር።

አንድ ስለት ነው! ደብዳቤህን መኪናው አጠገብ ቆሜ አንብቤ ቢሮዬ ድረስ ሮጥኩ። አንድ ፕላኔት ሁለት መስመር ሊያወጣ እንደሚችል ሰዎች ጽፈው አንብቤ ነበር እኮ! ሁለት ይሻለኛል ብዬ ነው የዘለልኩት፤ ሁለት ፕላኔት ያገኘች መባል አማረኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለተኛዋን ሰረዝኩና አንዷን ብቻ ውጪኛው መስመር ላይ ትቼ ዲስኩን አዞርኩት። ስድስት ቀን ፈጀ። ፕላኔቷ መንገዷን ስትጠርግ ጋዙ ውስጥ ሞገድ ታስነሳለች። ሞገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ውስጥ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ሲሰበር ሌላ መስመር ያወጣል፣ ቀጭን፣ ጠርዙ የለሰለሰ። ቦታውን ለካሁት። ሰማይ ላይ ካለው ጋር ገጠመ። የዶክተር ይጣራን የበረዶ ሐሳብም በሁሉም መንገድ ሞከርኩት፤ ሁለቱን መስመሮች በዚያ ርቀት ላይ ሊያስቀምጥልኝ አልቻለም። ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ጮህኩ።

ከዚያ ለአንተ ልጽፍ ብዬ ደብዳቤዎችህን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። እኔ ሌላ ሙያ የለኝም፣ የጎደለ ነገር ማንበብ ብቻ ነው የምችለው።

ከጥቅምት ወዲህ ማሽንህ ላይ ስለሠራኸው አንድም ቃል የለም። ስለዚያ ማሽን ሳያወራ እህል የማይቀምስ ሰው! እትዬም የለችም። አልተጣላችሁም፣ አልሳቀችብህም፣ በርሜል አላንቀሳቀሰችም። መጀመሪያ ሁለት መከራ መሰለኝ። ወርክሾፑ ተሸጧል፣ እትዬም ጥላህ ሄዳለች ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን የራስህ ታሪክ ትዝ አለኝ። አንድ ነገር ይሆናል ሁለቱንም ያጎደለው አልኩ።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ከኅዳር ወዲህ ፊደሎችህ ወደ ግራ ተንጋደዋል። ቀለሙ ደግሞ በየመስመሩ ወደ ቀኝ ተቀብቷል፣ እጅህ አሁን የጻፍከውን እያበሰ እንደሄደ። በቀኙ የሚጽፍ ሰው የጻፈውን አያብስም። እስክሪብቶው አይደለም ወንድም ጋሼ።

ቀኝ እጅህ ምን ሆነ? ነገ ጠዋት ባልከው ቀን ነው፣ አይደል? የእኔን ቀለበት ስትቆርጥ ነው። «በሚገባ አረጋግጫለሁ» ያልከኝ በእሱ ነው። እኔ ደግሞ እሰይ እያልኩ በኮሪደር ስሮጥ ነበር! ምን ሰይጣን ነው ያስጠየቀኝ?

እውነቱን ካልጻፍክልኝ ኮሚቴውም ኮከቡም ይቅር፤ በየካቲት መጀመሪያ በሚወርደው መኪና እወርዳለሁ። ከእንግዲህ ደግሞ ምንም ነገር አልጠይቅህም።

እህትህ


ጥር 27

ለእህቴ፣

አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ከስንት አገር ማዶ ሆነሽ ጎልጉለሽ አወጣሽው። እትዬሽ ሳቀችብኝ። «የሰማይ ኮቴ የምታነብ ልጅ ያንተን ታጣዋለች?» አለችኝ።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው። ጠቋሚ ጣቴ ሙሉ በሙሉ ሄዷል፣ የመሃሉ እስከ ግማሹ። የቀሩት ይሠራሉ፣ ቁስሉም ደርቋል። የደረሰውም እንዲህ ነው። ቀለበቱን አስሬ ማሽኑን በመጨረሻው ዝግታ አዞርኩት። እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲዞር አይቼው አላውቅም፣ ያንቀላፋ ይመስል ነበር። ስለቱ ስስ መስመር አወጣ። ጠርዙን በዓይኔ ፈለግኩት፣ አይታይም። ማሽኑን አጥፍቼ መጠበቅ ነበረብኝ። በዚህ ዝግታ ምን ይመጣል ብዬ እየዞረ ጥፍሬን ሰደድኩ። ጠርዙ ጥፍሬን ያዘና እጄን ወደ ስለቱ ይዞት ገባ፤ መስመሩም እዚያ ላይ ተዛነፈ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፤ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ቃል ምን እንደሆነ ብነግርሽ አታምኚኝም። «ይቆማል!» አልኩ። ሕመሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ጣቴን የቆረጠው ጥያቄሽ አይደለም። ማሽኑ ይቁም የሚለውን አባባ ሺህ ጊዜ ነግሮኛል፣ እኔም ለስንቱ ነግሬያለሁ። የጠየቅሽኝ ብቁረጥ ምን ይሆናል ብለሽ ነው፣ እየዞረ እጅህን ክተት አላልሽኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም።

የደበቅኩሽ ትመጫለሽ ብዬ ብቻ አይደለም። መጠየቅ ታቆማለች ብዬ ነው የፈራሁት። የፈራሁት ደረሰ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ስምሽን ፈልጌ አጣሁት። «እህትህ» ይላል። ለእትዬሽ ሰጥቻት እሷም ፈለገች፣ የለም። ከጣቶቼ ይልቅ እሱ ነው ያመመኝ፣ እውነቴን ነው።

ወርክሾፑ አልተሸጠም። ማሽኑን የያዘችው እትዬሽ ናት። ሠላሳ ዓመት ስትጠርግ እያየች ነበር ለካ! እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለሁ የፓምፑን ዘንግ ጨርሳ አስረከበች። ደንበኛው ልዩነቱን አላወቀም። እኔ አውቄዋለሁ፤ የእሷ ይበልጣል፣ እንዳትነግሪያት ብቻ። አሁን በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አዛለሁ፣ እሷ አትሰማኝም። በርሜሉንም እንደገና አዛወረችው፤ ከበርጩማው ሆኜ ወደማይታየኝ ብቸኛ ቦታ። ስለሷ ያልጻፍኩልሽ ማሽኑ ላይ ምን አቆማት እንዳትይኝ ነበር።

ስለዚህ አትመጪም። የካቲት 20 ሰዎቹ ፊት ትቆሚያለሽ። ካልቆምሽ እነዚህ ጣቶች ለምን ሄዱ? ከዚህ ደብዳቤ ጋር ቀለበቱን በሳጥን ልኬልሻለሁ። በደንብ ታጥቧል፣ አትፍሪው። ጥፍርሽን አስሮጪበት፣ አሁን አይዞርም።

ወንድምሽ


የካቲት 22

ይድረስ ለወንድም ጋሼና ለእትዬ፣

አልመጣሁም። ሳጥኑን ስከፍት ግን ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳላነብ ቀለበቱን አነሳሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጥፍሬን አስሮጥኩበት። ያዘኝ። ዙሩን ጨርሼ መስመሩ የተዛነፈበት ቦታ ስደርስ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ኮሚቴው ፊት ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምኩ። አምስት ሰዎች ናቸው፣ መሃላቸው ዶክተር ይጣራ። ቀለበቱን ሰጠሁትና ዓይንህን ጨፍን አልኩት። ሌሎቹ ተያዩ። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ እንደ ታዛዥ ተማሪ ጨፈነ። ጥፍሩን አስሮጠ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። መዛነፉ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ገለጠ። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ልነግራቸው አስቤ አልነበረም፤ ወንድሜ እዚያ ጋ ነው ጣቶቹን ያጣው አልኩ።  ዶክተር ይጣራ ቀለበቱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ማስረጃ አይደለም» አለ። አይደለም አልኩት፣ ማስረጃው ሂሳቡ ነው፣ እሱን እንይ። ከዚያ አላዘነልኝም ወንድም ጋሼ፣ አንዷንም ቁጥር አላሳለፈልኝም። ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ስሰርዝ ጠመኔ ሦስት ጨረስኩ። ሁለተኛው መስመር ለምን ለሰለሰ ብሎ ሲጠይቀኝ የአባባን ጥፊ ነገርኳቸው። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ሴትዮ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር።

ስልሳ ሰዓት ሰጡን። የለመንኩት አርባ ነበር። ዶክተር ይጣራ ፋይሉን ሲያስረክበኝ «ይጣራ» አለኝ። አሁን እሷን ራሷን እንፈልጋታለን፤ ውጪኛው መስመር ውስጥ፣ የት አካባቢ እንደምትሆን አስልቼዋለሁ። ላላገኛት እችላለሁ፣ አሁንም አልዋሽህም። ግን ቦታዋን አውቃለሁ፣ እዚያ ነው የምቆፍረው። ከፍለጋው በፊት ሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ፤ በሚቀጥለው መኪና እወርዳለሁ። አልጋዬን አዘጋጁ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ ግን አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነበር። ለማንም ሰው ምንም መጠየቅ አቃተኝ። ምሳ ቤት ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ማለት እንኳ ከበደኝ፣ ሳቅ ከፈለግክ። ከኮሚቴው ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ያቺ ባልዲዋን የደፋሁባት ሴትዮ «ምን ሆኖ ነው እንዲህ ፊትሽ የበራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰው ሲጠይቅ ደስ ይላል ለካ።

ስለዚህ እስክመጣ ድረስ ይኸው። የስለቱ መያዣ ቡሎን ሲላላ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ምን ያህል ይርቃል? ማሽኑ ሲፈጥንና ሲዘገይስ ርቀቱ ይለዋወጣል? ለምን? የምትቆርጠው እትዬ ናት፣ ጥፍሩ የአንተ የግራ እጅ ነው፣ ማሽኑም መጀመሪያ ይቆማል።

ለምንዬ